ቀይ መስመር ያለበት ችካል

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለጴጥሮስ ኤርሴዶ፣ ሃይፋ፤

ባሕሩን አሻግሮ የወሰደህ ጌታ በሄድክበትም ጥላ ይሁንህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከቃጫ ማጠቢያው ውሃ ጋር አልተስማማም። ላማችን ወልዳለች። ጎረቤታችን ወለተ ማርያም ሰላም ብላሃለች። ያለህበት አገር ጌታ ለተጠመቀበት ወንዝ ቅርብ ነው መባሉን ሰምታ፣ ከዮርዳኖስ ውሃ በትንሽ ጠርሙስ ይላክልኝ ትላለች። እኛ የሚሲዮን ሰዎች ውሃን ውሃ ነው የምንለው ብላት አልሰማችኝም። ከቻልክ ላክላት፤ ለኔ ምንም አትላክ።

እንደ ቤታችን በሀዲይኛ ባወራህ ኖሮ ይህን ያህል ባልዞርኩ። በአማርኛ ስጽፍ ግን ሚሲዮኖቹ እንዳስተማሩኝ ሰላምታው ካላለቀ ነገሩ አይመጣልኝም። አሁን አልቋል።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች ከሥራ አስኪያጁ ከአቶ ወንዳፈረው ጋር ወደ ምንጫችን መጡና ገመድ ዘረጉ። ገመዱ የኛው ፋብሪካ ገመድ ነው፤ ቃጫውን ያጠብነው እኔና የማዛቸው ሴቶች ነን። ከዚያ ነጭ ቀለም የተቀቡ ችካሎች በምንጩ ዙሪያ ተከሉ። አንዱ ወፍራም ችካል ኩሬው ውስጥ ቆሟል፤ ቀይ መስመርም ተሰምሮበታል። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። አቶ ወንዳፈረው ፈገግ ብለው፣ የወንድምሽን ልጅ ጠይቂው፣ የሱ ሐሳብ ነው አሉኝ።

አባቴ አንሼቦ ገመድና ችካል ያየው አንድ ጊዜ ነው። መሬት ለመለካት ቃላድ የሚጥሉት ሰዎች ሲመጡ ወተት አጠጥቶ ተቀበላቸው፤ ለደግ ነው አሉት። ሲሄዱ ከብቱ የሚግጥበት ሜዳ ሁሉ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። የተረፈን ይህ ምንጭና የከበበው የእንሰት ቦታ ነው። ያም በአባትህ ስም ነበር፣ አሁን በአንተ ስም ነው። እኔ በወንድሜ መሬት ላይ የተቀመጥኩ ባል የሞተብኝ ሴት ነኝ። ከታች ያለው ሰፈርም የሚጠጣው፣ ፋብሪካውም በቦይ የሚወስደው ከዚሁ ምንጭ ነው።

ፋብሪካው ባሕር ማዶ ልኮ ሲያስተምርህ ከደስታ ብዛት አልቅሻለሁ። በነጻ መስሎኝ ነበር። እንግዲህ ንገረኝ፤ ምንጩን ሰጥተሃቸዋል ወይስ አልሰጠሃቸውም?

ያሳደገችህ አክስትህ፣
ጵርስቅላ አንሼቦ


ሃይፋ፣ ኅዳር 22 ቀን 1956 ዓ.ም.

እጅግ ለማከብርዎትና በእናቴ ቦታ ለቆሙት ለአክስቴ ለወይዘሮ ጵርስቅላ አንሼቦ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ከልብ የመነጨ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔን ያሳደጉ እጆችዎ ይባረኩ፤ ዕድሜዎ ይርዘም። ላሚቱ በመውለዷ ደስ ብሎኛል። ለወይዘሮ ወለተ ማርያም የጠየቁትን ውሃ በደህና ሰው እልካለሁ ይበሉልኝ።

የምማርበት የወረቀት ፋብሪካ ባሕር ዳር ነው። መጀመሪያ ሰዎቹ ውሃ ሲቆጥቡ ሳይ ባሕሩ አጠገባቸው ሆኖ ምን አስጨነቃቸው ብዬ ስቄባቸው ነበር። ለካስ የባሕሩ ውሃ ከጨው በቀር ምንም የለውም፤ የሚጠጣው ከሩቅ ነው የሚመጣው። ወደ ፋብሪካው የሚገባው በቆጣሪ ነው። አንድ ጊዜ ያጠቡበትን ውሃ አይደፉትም፤ አጥልለው ለሌላ ሥራ ያውሉታል። አስተማሪዬ ሽማግሌ ናቸው፤ ማሽኖቹ ሲቆሙ ጆሯቸውን ቧንቧ ላይ ለጥፈው የሚንጠባጠብ እንዳለ ያዳምጣሉ። እኔንም እንደዚያ ያደርጉኛል።

ስለ ችካሎቹ የጻፉልኝን አንብቤአለሁ። ለደግ ነው፤ አይጨነቁ። ማንም እንዳይነካቸው ለሴቶቹ ይንገሩልኝ። ሌላውን እግዚአብሔር ፈቅዶ በአካል ስንገናኝ እንጨዋወታለን። ለአቶ ወንዳፈረው የአክብሮት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ለሚያደርጉልን ሁሉ ባለውለታቸው ነን።

ታዛዥ ልጅዎ፣
ጴጥሮስ ኤርሴዶ


ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለጴጥሮስ፤

የልደቱ በዓል በሰላም ያግኝህ። እዚህ ሁሉም ደህና ነው፤ ደህና ያልሆነው ደብዳቤህ ነው።

ለደግ ነው አልከኝ። አባቴንም ያሉት ይህንኑ ነው። ስለ ቧንቧና ስለ ሽማግሌ ጆሮ ገጽ ሞልተህ ጻፍክ፤ እኔ የጠየቅሁህን ግን አልመለስክም። ፖስታው ሲደርሰኝ ደግሞ ተከፍቶ እንደገና የተለጠፈ ነው፤ ወረቀቱ ጥጉ ላይ ተጨማዷል። የፖስታ ሣጥኑ የፋብሪካው ነው፣ ቁልፉም አቶ ወንዳፈረው ዘንድ ነው። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ ሳነበው አንተም ይህን የምታውቅ መሰለኝ። ያ ሁሉ የአክብሮት ሰላምታ ለኔ የተጻፈ አይደለም።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በፋብሪካው በኩል አልላክሁትም። የሾኔው ነጋዴ ረሻድ ቃጫ ጭኖ አዲስ አበባ ሲገባ በእጁ ፖስታ ቤት ያደርሰዋል።

አሁን ያደረግሁትን ስማ። የምንጭ ጠረጋ ቀን ደረሰ። እንደምታውቀው እህል ሲሰበሰብ ሴቱም ወንዱም ወጥቶ ምንጩን ይጠርጋል፤ ሣሩ ይታጨዳል፣ የወደቀ እንጨትም የተተከለ ባዕድ ነገርም አይተውም። በዚያን ቀን የተነቀለውን ማን ነቀለው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሰፈሩ እጅ ነው የሚባለው። መጀመሪያ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ተከተሉኝ። ትንንሾቹን ችካሎች አንድደን የጠረጋውን ገንፎ ሠራንባቸው፤ ቀለም ያለው እንጨት ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ቀይ መስመር ያለበት ግን ደህና ዝግባ ስለሆነ ሳሳሁለት። ወደ ቤት ወስጄ የበሩ መቀርቀሪያ አደረግሁት፤ ልክ ሆነ።

አቶ ወንዳፈረው በማግስቱ መጥተው ጠየቁ። ሴቶቹ ሁሉ ምንጭ ጠረግን ብቻ ነው ያሉት። እሳቸውም ኩሬውን አየት አድርገው ተመለሱ። ይቆጣሉ ስል አለመቆጣታቸው አላማረኝም።

በሩን ታውቀዋለህ። አንተ ሳታንኳኳ ስትገባበት የኖርክበት ነው፤ ተቀርቅሮም አያውቅም። አሁን ግን ምንጩ የማን እንደሆነ እስካውቅ ድረስ እቀረቅረዋለሁ።

አክስትህ ጵርስቅላ


ሃይፋ፣ ጥር 30 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፤

ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይለይ። ይህን ደብዳቤና የወይዘሮ ወለተ ማርያምን ጠርሙስ የሚያደርስልዎ ገብረክርስቶስ ነው፤ አብሮኝ ተምሮ ወደ አገር መመለሱ ነው። ታማኝ ሰው ስለሆነ ሌላ እጅ አይነካውም። ስለዚህ ዛሬ ምድጃው አጠገብ እንደተቀመጥን አድርገው ያንብቡኝ።

ምንጩን አልሸጥኩም፣ ለማንም አልሰጠሁም። ችካሎቹ መሬት ለመለካት አልተተከሉም፤ ውሃ ለመለካት ነው። ቀዩ መስመር ደግሞ ፋብሪካውን ለመግታት የተሰመረ ነው። የኩሬው ውሃ ቀንሶ መስመሩ ላይ ሲደርስ ፋብሪካው የቦዩን መዝጊያ ዘግቶ ማጠብ ማቆም አለበት፤ ከዚያ በታች የቀረው የሰፈሩ ነው። ከመምጣቴ በፊት በየበጋው ሴቶች ባዶ እንስራ ይዘው ሲመለሱ አይ ነበር፤ እኛ ደግሞ ከላይ ሆነን ንጹሑን ውሃ አንድ ጊዜ ቃጫ ነክረንበት እንደፋዋለን። ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ከዚህ ሆኜ ለፋብሪካው ባለቤት ጻፍኩ፤ እሳቸውም አቶ ወንዳፈረውም ተስማሙ።

ሦስት ገንዳም ይሠራል። ንጹሑ ውሃ መጀመሪያ የሚገባው መታጠቡ ሊያልቅ የተቃረበው ቃጫ ወዳለበት ገንዳ ነው፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ገና ጭቃውና ጭማቂው ወዳልለቀቀው ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ዝቃጩ በጉድጓድ ቀርቶ ውሃው እንሰት ያጠጣል። እንዲህ ከሆነ ፋብሪካው የሚወስደው ውሃ ከግማሽ በታች ይሆናል።

ይህን ሁሉ ያልነገርኩዎ ደብዳቤ እንደሚከፈት ስለማውቅ ብቻ አይደለም። አቶ ወንዳፈረው የመስመሩን ትርጉም ሰፈሩ እንዳያውቅ ለምነውኝ ነበር፤ ሕዝቡ ካወቀ በየቀኑ በራችን ላይ ይሰበሰባል አሉ። እሺ አልኳቸው። ገመድና ችካል አባትዎን ምን እንዳደረጋቸው እያወቅሁ ለእርስዎ እንኳ ሳልናገር መቅረቴ ያሳፍረኛል።

አሁን በጋው ሊበረታ ነው፤ መስመሩ ደግሞ የለም። እባክዎ ሄደው ችካሉ እንደገና ይተከል ይበሏቸው። መልስዎን በረሻድ በኩል ይላኩ፤ እኔም በሱ አድራሻ እጽፋለሁ።

ልጅዎ ጴጥሮስ


ሆሳዕና፣ የካቲት 25 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለጴጥሮስ፤

ጌታ ዕውነትን በአፍህም በልብህም ያኑር። ገብረክርስቶስ መጥቶ ነበር፤ አብልቼ ሸኘሁት። ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ አፈርኩ። ለኛ ጥላ የቆመውን ነገር በገዛ እጄ ነቅዬ በር ዘጋሁበት። ከዚያ ተናደድኩ፤ ንዴቱ ከዕፍረቱ የበለጠ ቆየ። አንድ ቃል ብትነግረኝ ኖሮ ችካሉን እኔው አጠገቡ ተቀምጬ እጠብቀው ነበር።

አቶ ወንዳፈረው ቢሮ ገባሁ። የነገርከኝን እንደማውቅ ሳልደብቅ፣ ችካሉ ይተከል አልኳቸው። ወዲያው እሺ አሉኝ፤ ወንበርም ሳቡልኝ። በዚህ ፋብሪካ ስሠራ ወንበር ሲሳብልኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። በሳምንቱ አዲስ ችካል ቆመ፣ ቀይ መስመርም ተሰመረበት።

ገንዳዎቹ ተሠርተዋል። ጥሩ ነገር ናቸው፤ ተቆጥቼብህም ቢሆን ይህን አልክድህም። ሴቶቹ መጀመሪያ ከቆሻሻ ውሃ ውስጥ ንጹሕ ቃጫ አይወጣም ብለው አጉረመረሙ፤ ኋላ ከላይኛው ገንዳ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ዝም አሉ። ከዝቃጩ ጉድጓድ በታች ያለው እንሰትም መለምለም ጀምሯል።

ነገር ግን ኩሬው ይቀንሳል። በገንዳ የተቆጠበው ውሃ የት እንደሚሄድ አቶ ወንዳፈረው ራሳቸው ነገሩን፤ የጆንያ ትዕዛዝ በዝቷል፣ ከሺንሺቾም ከሾኔም የሚመጣው ቃጫ በእጥፍ ይታጠባል። ሰፈሩ ተሰልፎ ይቀዳል፤ ቦዩ ግን አይዘጋም። ውሃው ቢወርድ ቢወርድ ቀዩ መስመር አሁንም ውሃ ውስጥ ነው። ወለተ ማርያም የዮርዳኖሱን ጠርሙስ ሥዕሏ ሥር አስቀምጣዋለች፤ እሱ ሞልቶ ይታያል፣ እንስራዋ ባዶ ነው።

ነገሩ አልዋጥልኝ ሲል ቅዳሜ መቀርቀሪያዬን ተሸክሜ ወደ ኩሬው ወረድኩ። ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ የነበረው ጫፉ ጠቁሮ ቀርቷል፤ ጭቃውም ደርቆ እንደተለጠፈ ነው። ሳላጥበው መቅረቴ ስንፍና ነው፤ ለአንድ ቀን ጠቀመኝ። ጥቁሩ ከሚያበቃበት እስከ ቀዩ መስመር አንድ ክንድ ነው። አዲሱ ላይ ከጭቃው እስከ ቀዩ መስመር አንድ ስንዝር ብቻ ነው።

ሄጄ ነገርኳቸው። አቶ ወንዳፈረው አልካዱም። «ዝቅ ማለቱን የወንድምሽ ልጅ ያውቃል» አሉኝ።

ያውቃል የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮኝ ያድራል። ታውቃለህ ወይ?

አክስትህ ጵርስቅላ


ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለጴጥሮስ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ረሻድ ሁለት ጊዜ ከአዲስ አበባ ተመልሷል፤ ሁለቱንም ጊዜ እጁ ባዶ ነው። ታመህ እንደሆነ ጌታ ይማርህ። ካልታመምክ ግን ዝምታህን ምን ብዬ ልተርጉመው?

የበልጉ ዝናብ ዘግይቷል። የታችኛው ሰፈር ከብቶቹ ከሚጠጡበት ኩሬ መቅዳት ጀምሯል፤ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ይውላሉ። እኛ የጆንያ ቃጫ እናጥባለን። ሴቶቹ ጠዋት ፋብሪካ የሚገቡት ቤታቸው የሚጠጣ ውሃ ሳይኖር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግን እጃቸው ውሃ ውስጥ ነው። አንዳንዶቹ ዓይን ለዓይን አያዩኝም። መሬቱ በማን ስም እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ከዚህ በኋላ ስለ ጤናህም ስለ ትምህርትህም አልጠይቅህም። አዎ ወይም አይደለም ብለህ ብቻ ጻፍልኝ።

ጵርስቅላ


ሃይፋ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለአክስቴ፤

አዎ።

ይህን ጽፌ ደብዳቤውን ልዘጋው ነበር፤ ግን ሙሉውን ማወቅ አለብዎ። የአቶ ወንዳፈረው ደብዳቤ በየካቲት መጀመሪያ ደረሰኝ። የጆንያ ትዕዛዝ አለብን፣ ለዘንድሮ ብቻ መስመሩ ዝቅ ይበል፣ አይሆንም ካልክ ግን ትምህርትህ ይቋረጣል አሉኝ። እሺ አላልኳቸውም። አይሆንምም አላልኳቸውም። ዝም አልኩ። እሳቸው ዝምታዬን እንደ እሺ ቆጥረው ተከሉት፤ እንደዚያ እንደሚቆጥሩትም አውቅ ነበር። የእርስዎ ጥያቄ ሲደርሰኝ መልሱን ደጋግሜ ጀመርኩት፤ አንዱም የሚላክ አልነበረም።

እዚህ ቧንቧ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ጠብታ ስፈልግ እውላለሁ። እዚያ ደግሞ ምንጩ በሙሉ በኔ ዝምታ ሲፈስ ነበር።

ትናንት ለባለቤቱ ሁሉንም ጻፍኩላቸው፤ በግንቦት ፋብሪካውን ለመጎብኘት ይመጣሉ። የመጀመሪያው መስመር ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደነበር ግን እኔ ብናገር አቶ ወንዳፈረውም የራሳቸውን ይናገራሉ። ምስክሩ የእርስዎ መቀርቀሪያ ብቻ ነው። እባክዎ አያጥቡት።

ትምህርቴን ካቋረጡብኝ እመጣለሁ። ባያቋርጡብኝም እመጣለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ለማለት አሁን አፍ የለኝም።

ጴጥሮስ


ሆሳዕና፣ ሰኔ 15 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለጴጥሮስ ኤርሴዶ፤

ዝናቡን የሰጠን አምላክ ላንተም ምሕረቱን ይስጥህ። ክረምቱ ገብቷል፤ ኩሬው ሞልቶ ስለ መስመሩ የሚያወራ ሰው የለም። እኔ ግን አወራለሁ።

ባለቤቱ በግንቦት አጋማሽ መጡ። ገንዳዎቹን አይተው አመሰገኑ፤ አቶ ወንዳፈረውም ምስጋናውን ተቀበሉ። ከዚያ ወደ ምንጩ ሲወርዱ እኔ መቀርቀሪያዬን ተሸክሜ፣ ሴቶቹ ባዶ እንስራቸውን አዝለው እዚያ ጠበቅናቸው። ጥቁሩን ጫፍ አሳየኋቸው። አቶ ወንዳፈረው ሳይቆጡ፣ የቤት መቀርቀሪያ ምስክር አይሆንም፣ ጭቃውን የፈለገ ሰው ሊቀባው ይችላል አሉ። ባለቤቱ መልሴን ጠብቀው እኔን አዩኝ። እውነቱን ልንገርህ፤ ችካሉን የነቀልኩት እኔ፣ ቤቴ የወሰድኩት እኔ፤ ማን ያምነኛል?

ያኔ ወለተ ማርያም ወደፊት መጣች። አቶ ወንዳፈረውን ከቤተ ክርስቲያን ታውቃቸዋለች፤ ልጃቸውንም ክርስትና አንስታለች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለባለቤቱ ሳይሆን ለእሳቸው ነው የተናገረችው። «አበ ልጄ፣ ይህ እንጨት ከኩሬው ወጥቶ ደጄ ላይ ሲያልፍ ጭቃው እርጥብ ነበር። በዓይኔ ያየሁትን አልክድም፤ እርስዎም አያስክዱኝ» አለቻቸው።

አቶ ወንዳፈረው ወደ ኩሬው ዞሩ። ባለቤቱ ጎንበስ ብለው ሁለቱን ችካሎች አስተያዩ፤ ከዚያ አሮጌው ወደ ቦታው ይመለስ አሉ። እዚያው በፊታችን አዲሱ ተነቅሎ አሮጌው ጥቁሩ እስከሚያበቃበት ድረስ ተተከለ። ውሃው ከመስመሩ በጣም ወርዶ ነበር። የዚያን ዕለት ቦዩ ተዘጋ።

ከዚያ እስከ ዝናቡ ድረስ እኔና ሴቶቼ ሥራ ፈትተን ተቀመጥን። ደመወዝም አልነበረም። አንዳንዶቹ አጉረምርመውብኛል፤ አልፈርድባቸውም። እንስራቸው ግን ሞልቶ ነበር፣ የታችኛው ሰፈር ልጆችም ተሽሏቸዋል።

አቶ ወንዳፈረው አሁንም ሥራ አስኪያጃችን ናቸው። ሲያገኙኝ እጅ ነስተው ያልፋሉ። እኔ ግን በየማለዳው ወደ ምንጩ ወርጄ ከመስመሩ በፊት የችካሉን ሥር አያለሁ፤ ጭቃው ተነካክቶ እንደሆነ። ይህ እስክሞት አይለቀኝም።

ትምህርትህን አለማቋረጣቸውን ሰማሁ። ጨርሰህ ና። አዎ ብለህ የጻፍክባትን ወረቀት አልቀደድኳትም። ስታናድደኝ አነባታለሁ፤ ደግሞ ባትጽፍልኝ ምን እሆን ነበር እላለሁ። ተቀይሜሃለሁ፤ እወድሃለሁም። ሁለቱ አብረው ያድራሉ።

የቤቴ መቀርቀሪያ ኩሬው ውስጥ ስለቆመ በሩ እንደ ድሮው ሳይቀረቀር ያድራል። ድሮ ሳታንኳኳ ነበር የምትገባው። አሁን ስትመጣ ግን አንኳኳ።

አክስትህ፣
ጵርስቅላ አንሼቦ